የጋሽ መኩሪያ ቀኝ እጅ

ሂሩት ደውላ “አባዬ አረፈ” ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ነፍስ ይማር አላልኩም፣ መቼ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሷንም አይዞሽ አላልኳት። “እጃቸውስ?” ነው ያልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘጋው ነበር። ሂሩት ግን “ከነርሷ ጋር ሁለት ሆነን ነው ያወረድናት፣ ጥሩዬ” አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷን ጋሽ መኩሪያን ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷቸው ነበር። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ አንደበታቸውም ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን ተመለሰች ለማለት ያስቸግራል። ማንኪያ ትይዛለች፣ ትጽፋለች፣ ቁልፍ ትቆልፋለች። አንዳንድ ጊዜ ግን ባለቤቷ ሳያዛት ከጭናቸው ላይ ቀስ ብላ ትነሳና ከጆሯቸው በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ መዳፏ ወደ ፊት፣ ጣቶቿ ገጠም ብለው። በዕድሜው ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያቺን አነሳስ ያውቃታል። ድምፅ የምትሰጥ እጅ ናት።

እኔ ያወቅኋቸው በጉርብትና ነው። ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ በመሀላችን አንድ በር ብቻ ነበር። ሂሩት ሆስፒታል ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። እኔ ደግሞ የቢሮ ሕንፃ ጽዳት ላይ ነኝ፤ ከወፍ ጋር ተነስቼ እገባና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ነኝ። “እባክሽ ስታልፊ ብቅ በይልኝ” ብላ ቁልፍ ሰጠችኝ። ብቅ ማለቱ አራት ዓመት ቆየ።

መጀመሪያ ቀን ስገባ ሶፋው ባዶ ነበር። ጋሽ መኩሪያ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ስበው፣ ኮት ለብሰው፣ ከራባት አስረው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ነው የሚታየው። ድምፁን አጥፍተውታል።

“ሊወጡ ነው እንዴ?” አልኳቸው።

“ስብሰባ ላይ ነኝ” አሉኝ፤ ዞር ሳይሉ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። ራሴን ላስተዋውቅ ብዬ “እኔ...” ስል የግራ መዳፋቸውን ፊቴ ላይ ከፍ አደረጉብኝ። “ስሙ ይቅርብሽ ልጄ። አንቺ ብዬ እጠራሻለሁ፤ አቤት ትያለሽ።” እኔ ደግሞ ቶሎ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። ቤቴ ገብቼ ለራሴ “የድሮ ባለሥልጣን ሳይሆን አይቀርም፤ ስማችንን እንኳ ለማወቅ የተጠየፈ” እያልኩ ሽንኩርቱን በንዴት ከተፍኩት። ጎረቤቱን ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። የፊት ለፊቷን አፍጋናዊት “እህቴ”፣ ፖስታ የሚያድለውን “ወንድሜ” ይሏቸዋል። እንግዳ ስሙን ሊናገር ሲል ነገር ያስቀይራሉ። ኩራት ነበር የመሰለኝ።

ከኩራታቸው ጋር ተለማመድን። ከሥራ ስመለስ የሂሩትን ምግብ አሙቄ አቀርብላቸዋለሁ፤ ከዚያ አብረን “ስብሰባ” እንቀመጣለን። እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም፤ ቢሆንም ማን እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ከመስጠቱ በፊት ይነግሩኛል። “ሲናገር አፉን አትይ፤ ሌላው ሲናገር ትከሻውን እዪው። ያውልሽ፣ ያ ባለ መነጽሩ ትከሻው ተነስቷል፤ እጁ ይከተላል።” እውነትም ይከተላል። ቴሌቪዥን ላይ ኳስ እንደሚያይ ሰው መጮህና መወራረድ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አሸንፌያቸው አላውቅም።

በዚያ መሀል እጃቸው ትነሳለች። ስትነሳ ዓይናቸው ከእሷ ይሸሻል፤ ግድግዳ ያያሉ። በግራ እጃቸው አንጓዋን ይዘው ቀስ አድርገው ያወርዷትና ጭናቸው ላይ ይጫኗታል። የነርቭ ሐኪሙ በደንብ አስረድቷቸዋል፤ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። የተጎዳ የአንጎል ክፍል እንዳለ፣ እንዲህ ያለ እጅ በሌሎች ሰዎች ላይም እንደታየ፣ ስምም እንዳለው ነገረን። ጋሽ መኩሪያ ጨዋ ናቸው፤ እስኪጨርስ አዳምጠው አመሰገኑት። ሊፍት ውስጥ ስንገባ “እንዴት እንደምትነሳ ነገረኝ። ለምን እንደምትነሳ እኔ ልነግረው ነበር፤ ጊዜ የለውም” አሉኝ።

አንድ ቀን ወደ ባቡር ጣቢያ በሚወስደው አውቶቡስ ላይ ቆመን ሳለ እጃቸው ብድግ አለች። ሦስት ሰዎች ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሱላቸው። “አየሽ” አሉኝ ሲቀመጡ፣ “እዚህ አገር እጅ ላነሳ ወንበር ይለቁለታል። እኛ አገር ወንበር እንዳይወሰድበት ነበር ሰው የሚያነሳው።” በዚያ ቀን ስቀናል።

ሳቁ የማይመጣበት ቀንም ነበረ። ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ፀሐይ ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ሸለቆ በኩል በመስኮት ገብታ፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ እጃቸው ብቻዋን ትነሳለች። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ተደፍቷል፤ ከንፈራቸው ለስለስ ብሎ ይተነፍሳሉ፤ እጃቸው ግን ነቅታ ቆማለች። ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ተነስቶ እንደቆመ ያህል ይሰማኝ ነበር። ሲነቁ ያዩዋትና “የሆነ ቦታ ድምፅ እየጠየቁ ነው” ይላሉ። አንድ ጊዜ ሰዓቱን ያዝኩ። ማታ የምክር ቤቱን ስብሰባ ድጋሚ ሲያሳዩ ቁጭ ብዬ ተከታተልኩ። እሳቸው ተኝተው እጃቸው በተነሳችበት ደቂቃ እዚያ ድምፅ ሲሰጥ ነበር። አጋጣሚ ነው አልኩ። ዳግመኛ ግን ለማጣራት አልደፈርኩም፤ እጃቸው ስትነሳ ወጥ ቤት እገባ ጀመር።

በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ክረምት፣ በረዶው እስከ መኪና ጎማ በወጣበት ሰሞን፣ የከተማው ተመራጮች የራሳቸውን ደመወዝ ይቀንሱ ወይስ አይቀንሱ የሚል ክርክር ተነሳ። ግብር ሊጨመር ነው፣ በጀቱ ጎድሏል፣ ስለዚህ እኛ ከራሳችን እንጀምር ይላሉ ግማሾቹ። ሬዲዮው ስለዚህ፣ አውቶቡሱ ስለዚህ፣ ብሉር መንገድ ላይ ምሳ የምንበላበት ቤት ስለዚህ ሆነ። እኔ ፍርዴን ሰጥቼ ጨርሻለሁ።

“ይቀንሱ እንጂ!” አልኳቸው ሾርባቸውን እያቀረብኩ። “የኛ ሲጎድል ማን ጠይቆን ያውቃል? እስቲ እነሱም ይቅመሱት። ለአርአያ እንኳ ቢሆን።”

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ወደቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ። “እንዲህ አትበዪ” አሉኝ። “ይህን ቃል በቤቴ አትድገሚው።” የሚያመልጣቸው ነገር ያለ ይመስል ወንበራቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ያዙ፤ ከዚያም በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ የነገሩኝን ነገር ነገሩኝ።

በድሮው መንግሥት ጊዜ አስተማሪ ነበሩ። ከተማቸው መርጣ ወደ ዋናው ምክር ቤት ላከቻቸው። ጦርነት ነበር፤ መዋጮ ነበር። አንድ ቀን ጉባኤው ላይ እጃቸውን አነሱና “ሕዝቡን ከመጠየቃችን በፊት እኛ ተወካዮች ከራሳችን ደመወዝ እንቀንስ፤ አርአያ እንሁን” አሉ። ከልባቸው ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሬዲዮ ስማቸውን ጠርቶ አመሰገናቸው።

“ከዚያ ወደ ከተማዬ ሄደህ አስረዳ ተባልኩ። አስተማሪው፣ የክሊኒኩ ሠራተኛ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁሉም ተሰብስቧል። ‘ተወካያችሁ ከራሱ ጀምሯል፤ እናንተስ?’ አልኳቸው። እጅ እንደ ማሽላ በቀለ። መጨረሻ ወንበር ላይ ግን አንድ ያላነሳ ሰው አየሁ። የክሊኒኩ ተላላኪ ነው። ሚስቱ አራስ ናት፤ ልጆች አሉት፤ ያቺ ደመወዝ ተብዬ ብትቀነስ ምን ሊቀረው። ሁለቱን እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ከቶ ተቀምጧል። በክፋት አይደለም ልጄ፤ ገርሞኝ ነው። ከመድረክ ላይ ሆኜ ‘ስምህ ማን ይባላል?’ አልኩት። ብድግ ብሎ ከነአባቱ ነገረኝ። አየለ ነው ስሙ። ከጎኔ ጸሐፊ ተቀምጧል።”

“ከዚያስ?” አልኳቸው።

“ከዚያማ ተጻፈ።”

በሳምንቱ ከቤቱ ወሰዱት። ሚስቱ ሕፃኑን እንዳዘለች ወደ ጋሽ መኩሪያ መጣች፤ ተወካይ አይደሉ? ሄደው ጠየቁ። እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም አሏቸው። ዳግመኛ ሲጠይቁ፣ እሳቸው ራሳቸው ለምን እንደሚጠይቁ ተጠየቁ። ዝም አሉ። አየለ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ያኔ ነው ስሜን ለምን እንዳልጠየቁኝ የገባኝ። በንዴት የከተፍኩት ሽንኩርት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

“ይቺ እጅ ያኔ የተነሳችው ናት” አሉኝ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ እያዩ። “አልወረደችም። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም ልጄ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተመራጮች ስለራሳቸው ደመወዝ ድምፅ ሲጠየቁ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ሳትነሳ ባያት። ያኔ አየለን ካለበት አገኘዋለሁ፤ እላለሁ እንግዲህ።”

ይህን ሲሉ ከመስኮቱ ውጪ በረዶ ይጥል ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

በዚህ ከተማ ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት አምስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ኢሜይል ጻፍኩላቸው፤ ተራ ተሰጣቸው። ሂሩት አልወደደችውም። “አባዬ ደሙ ይነሳበታል፣ ጥሩዬ፤ ኢት ኢዝ ኖት ወርዝ ኢት፣ አያዋጣም” አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እምቢ ለማለት ግን አንጀት አጣሁ። በአውቶቡስና በባቡር ሄድን። ቀዩን ከራባት አስረዋል።

ክፍሉ ሞቃትና ብርሃን የበዛበት ነበር። ተናጋሪው ፊት ሰዓት አለ፤ ደቂቃው ሲያልቅ ቀይ ይበራል። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። ድምፃቸው እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም።

“ይህን ሐሳብ ድሮ በአገሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ” አሉ። “ደመወዛችሁ የራሳችሁ ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ ለፈለጋችሁት ስጡ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ብቻ ድምፅ አትስጡበት፣ አርአያ ነው አትበሉ። እናንተ አርአያ ስትሆኑ ከታች ያለው አለቃ ሠራተኛውን ሰብስቦ ‘እነሱ እንኳ’ ይለዋል። ‘እነሱ እንኳ’ ሲባል እጁን የማያነሳ ሰው ብዙ አይደለም። እኔ አንድ ብቻ ነው ያየሁት።”

ቀይ መብራቱ ሳይበራ ጨረሱ። አንዲት ተመራጭ ሴት በጥሩ ፊት “ታዲያ ጌታዬ፣ ደጋፊ ነዎት ወይስ ተቃዋሚ?” ብላ ጠየቀቻቸው። “ድምፅ እስክትሰጡ እዚህ እንድቀመጥ ብቻ ፍቀዱልኝ” አሉ። ፈቀዱላቸው።

ሰብሳቢው “የሚደግፍ?” ሲል እኔ ተመራጮቹን አላየሁም። የማየው የእሳቸውን ጭን ነው። ግራ እጃቸው ቀኟን ተጭናለች፤ ጥፍሯ ነጥቷል። ከግንባራቸው ላብ ይወርዳል። አንድ፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል ምንም አልሆነም፤ ቻሉ አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ግራዋን እንደ ቅጠል ተሸክማ ተነሳች። ሁለቱም እጆቻቸው በአየር ላይ ቆሙ። ሰብሳቢው አይቷቸው ፈገግ ብሎ “ለጋለ ድጋፍዎ እናመሰግናለን” አለ። ሰው ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አይደለም። ሐሳቡ አለፈ።

ቤታቸው ደርሰን ኮታቸውን ሳወልቅላቸው፣ “ድሮ አንዷን ነበር ያነሳሁት። ዛሬ ሁለቱንም” አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከራባት አስረው አላየኋቸውም። ቴሌቪዥኑም አልተከፈተም። እጃቸው ግን ትነሳ ነበር፤ እንዲያውም በዝቶባት ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ደስ ባይለኝም።

እኔ የምሠራበት የጽዳት ድርጅት ትንሽ ነው፤ አሥራ አራት ሰዎች ነን፣ እኔ ከመሀላቸው ሊድ ነኝ። ሊድ ማለት አለቃ ሳይሆኑ የአለቃ ዱላ መያዝ ነው። ከሠራተኞቹ አንዷ ሰናይት ትባላለች፤ ሥራውን ያስገባኋት እኔ ነኝ። እናቷን ከአገር ቤት ለማስመጣት አመልክታለች። ለዚያ ደግሞ ገቢዋ መንግሥት ካሰመረው መስመር በላይ መሆን አለበት። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ነው ያለፈችው፤ አንድ ፈረቃ ቢጎድልባት ፋይሉ ይወድቃል። ፎርሙን ስካርቦሮ እሷ ቤት ቁጭ ብለን አብረን ስለሞላን ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዛፉ ቅጠል ብቅ ባለበት ሰሞን ማናጀራችን ፖል ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ክፍል ሰበሰበን። ፖል ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ የምለው እውነት ስለሆነ ነው። ቢሮዎቹ ባዶ እየሆኑ ሁለት ፎቅ ተነጥቀናል። ሁላችንም በሳምንት አንድ ፈረቃ ብንተው ማንም ሳይባረር ዓመቱን እንገፋለን አለ። ግዴታ አይደለም፣ ሁላችሁም ከተስማማችሁ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ግን ከመሀላችሁ ሰው መቀነሴ አይቀርም አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ “የከተማው ተመራጮች እንኳ የራሳቸውን ቀንሰዋል። እነሱ እንኳ! ማን ነው ከእኔ ጋር?” አለ።

ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

የተናገረውን እየሰማሁ የጋሽ መኩሪያን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ምን እየሆነ እንዳለ ፍንትው ብሎ ይታየኛል። ማንም እጄን አልጎተታትም። ክንዴ ቀለለኝ። ጥሩ ሠራተኛ መባል ፈለግኩ፣ ያ ዝምታ እንዲያልቅ ፈለግኩ፣ ፖል ፊቱን ከእኔ እንዲያነሳልኝ ፈለግኩ፤ ስመለከት እጄ ተነስታለች። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ወዲያው ከኋላዬ የጃኬት እጅጌ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ሰናይት እዚያው ከኋላዬ ነበረች። ዞሬ አላየሁም። ፖል “በሙሉ ድምፅ! አመሰግናለሁ” ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ጋሽ መኩሪያ ቤት ስገባ ሾርባው ምንጣፉ ላይ ፈሷል፤ ሳህኑ ተገልብጧል። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ናቸው። በግራ እጃቸው ቀኟን ያሻሻሉ፤ የበረደው ሰው እንደሚያደርገው።

“ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?” አሉኝ።

“ሥራ ነበርኩ። የት እሆናለሁ?”

“ሂሩት የተወችልኝን ሾርባ እየበላሁ ተነሳች። እንዲህ ፈጥና ተነስታ አታውቅም። ግማሽ ሰዓት ያህል እምቢ አለችኝ። የሚጠየቀው ሰው ቅርብ ነው አልኩ፤ የማውቀው ሰው ነው አልኩ።” ዓይናቸውን ከግድግዳው ወደ እኔ አመጡ። “ጠየቋችሁ?”

መዋሸት እችል ነበር፤ ግማሹን ብቻ ዋሸሁ። “ጠየቁን” አልኩ።

“አነሳሽ?”

“አላነሳሁም” አልኩ።

ፊቴን መረመሩት። ከዚያ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተፈታ፤ ወይ አምነውኛል፣ ወይ ሊያምኑኝ ፈልገዋል፤ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እሞታለሁ። “ጎሽ” አሉኝ። “ጎሽ የኔ ልጅ። ስምሽን አልጠይቅሽም። ያላነሳ ሰው ስሙ አይጠየቅም።” ግራ እጃቸው የእኔን ቀኝ እጅ ያዘች። ልብሴን ሳልቀይር፣ ሾርባውን ከምንጣፉ ላይ እየጠረግኩ፣ እንባዬን በእጅጌዬ እያበስኩ እውነቱን ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ነበር። ነገ አልነገርኳቸውም። በሦስተኛው ቀን ሂሩት ከሆስፒታል ደወለች።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ ፊቴ እንዳበጠ ነበር። ሰናይትን ዕቃ ክፍል ውስጥ አገኘኋት፤ የታጠቡ ጨርቆች እያጠፈች ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ከዚህ በላይ ለሰው ሳልናገር ማደር ስላቃተኝ ዘረገፍኩት። “ሰናይት፣ ይቅር በይኝ። እናትሽን የቀማሁሽ እኔ ነኝ። እያወቅኩ ቀድሜ አነሳሁ፤ እናንተም እኔን አይታችሁ አነሳችሁ።”

ጨርቁን ማጠፏን አላቆመችም። “እኔ አላነሳሁም እኮ” አለችኝ።

“እንዴት? በሙሉ ድምፅ ተብሎ...”

“አልቆጠረም። አንቺን አየና ወረቀቱን አጠፈ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር።” ቀና ብላ አየችኝ። “ልነግረው እያሰብኩ ነው፣ ጥሩዬ። አይ ሚን፣ ምን ያደርገኛል? ግን የሚባረረው ማን ነው ሲባል መጀመሪያ የሚያየው ያስቸገረውን ነው፤ አይደል?”

መልስ ከመስጠቴ በፊት ያደረግኩትን ልናገር። ዞሬ በሩን አየሁ፤ ማንም እንዳልሰማት ላረጋግጥ። ቶሮንቶ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጽዳት ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ቃል ሰው እንዳይሰማው በር የምጠብቅ ሰው ሆኜ ራሴን አገኘሁት። በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም። ግን ከዚያ ባዶ ኮሪደር አንድ ሰው እያየኝ እንደሆነ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

“አንቺ ጨርቅሽን እጠፊ” አልኳትና ወጣሁ።

ፖል ቢሮው ውስጥ የአዲሱን ፈረቃ ሰሌዳ እየሠራ ነበር። ለሐዘኔ አዘነ፤ ተቀመጪ አለኝ። አልተቀመጥኩም።

“ያን ቀን በሙሉ ድምፅ አልነበረም” አልኩት። “ያላነሳ ሰው ነበረ። ሁሉም ከተስማማ ብቻ ነው ብለህ ነበር።”

ፖል አልተቆጣም። ገርሞት ነው፤ ቅንድቡን አንስቶ ፈገግ አለ። ሰሌዳውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ እስክሪብቶ አነሳ።

“ማን ነው?” አለኝ።

ትንሽ ጥያቄ ናት። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

“እኔ ነኝ” አልኩት።

ሳቀ። “አንቺማ ከሁሉ ቀድመሽ ያነሳሽው ነሽ! በዓይኔ አይቻለሁ።”

“አዎ፤ አንስቼ ነበር። አሁን አውርጃታለሁ። እኔን ጻፍ።”

ሳቁን አቁሞ አየኝ። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ። ፖል ስሜን ሁልጊዜ አሳስቶ ነው የሚጽፈው፤ እኔም አርሜው አላውቅም። በዚያ ቀን ግን እንዳይሳሳት ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብዬ ከነአባቴ፣ ፊደል በፊደል ነገርኩት።